የሜዳው ደረቅ ጥግ

ህዳር 4፣ ጠዋት
ላሞቹን አልቤ መጣሁ። ብርድ። እርሳሱ ከእጄ ይወድቃል። አባዬ ከሞተ አርባ ሦስት ቀን። ተዝካሩ አለቀ፣ ዳሱ ፈረሰ፣ ሰው ግን አፉን አልዘጋም። አንዱ፣ ባላምባራስ አባትሽ መንገድ አወጡልን፣ ት/ቤት አስከፈቱልን እያለ ያለቅሳል። ሌላው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣና ዓይኑ ደረቅ ነው፣ ጅራፉን ቀምሷላ። እኔስ? አባቴ ነው። እወደው ነበር። እፈራው ነበር። አሁንም እፈራዋለሁ፣ ሞቶም።

ወንድሜ ታዴ ከአዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ ቁጭ አላለም። አባዬ የተጣላውን ሁሉ ልታረቅ ነው ይላል። መጀመሪያ የቡራዩዎቹን።

ደብተሬ፣ ምነው እነሱን ባይል።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
የቡራዩዎቹ ማለት የእማማ ጫልቱ ቤት ነው። ድሮ እዚሁ ሱሉልታ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ትልቁ የሳር ሜዳ የነሱ ነበር፣ አባዬ ወሰደው። ልጃቸው ገመዳ አዲስ አበባ ሄጄ እከሳለሁ አለ። በማግስቱ ጠፋ። አባዬ ጅማ ቡና ሊለቅም ወርዷል አለ። እነሱም ተነቅለው ቡራዩ ገቡ። አስር ዓመት ሆነው። ያየ የለም ይባላል።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ዛሬ አልችልም።

ህዳር 6
ታዴ ለዕርቅ የላካቸው ሽማግሌዎች ከቡራዩ ተመለሱ። ዋናው ኦቦ ቱሉ ናቸው። እግራቸውን እየታጠቡ ለታዴ ሲነግሩት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እማማ ጫልቱ የዕርቅ በሬ አልፈልግም ብለዋል። ልጄ ሞቶ ከሆነ ሞቷል በሉኝና ላልቅስ፣ ካለም አለ በሉኝ። አስር ዓመት ሙሉ አላለቀሱም! ይመጣ ይሆናል ለሚባል ሰው አይለቀስማ። ለኛ አባት ጥይት ተተኮሰ፣ አስለቃሽ መጣ።

ታዴ አባቴ እጁ የለበትም፣ በህዳር ሚካኤል ዕለት በደጁ ቆሜ እምላለሁ አለ። ከልቡ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ት/ቤት ነበር፣ ምንም አያውቅም። ያ ሳያንስ ሜዳውንም እመልሳለሁ አለ! ኦቦ ቱሉ ተነስተው ግንባሩን ሳሙት። የሟ— የጠፋው የገመዳ ወንድም ደበላ ጎጆ ቀልሶ እናቱን እዚያ ሊያስገባ ነው።

ኦቦ ቱሉ ሲወጡ አንድ ነገር ተናገሩ። "ስማኝ ልጄ፣ ጥፋት ካለ ዛሬ ከቤታችሁ አፍ ይውጣ። በሬ ይታረዳል፣ ደሙ ይደርቃል። ከመሐላ በኋላ ከተገኘ ግን እኔን እንዳትጠራኝ። ያኔ ልጅ በልጅ ነው።"

ታዴ ሳቀ። "ኦቦ ቱሉ፣ እርስዎ ደሞ! ምን ይገኛል?"

እኔ ግን ሜዳውን አውቀዋለሁ። ረግረግ ነው። ጎጆ የሚቆምበት ደረቅ ቦታ አንድ ጥግ ብቻ። ምሰሶ የሚቆፈረው እዚያ ነው። እሱም ያለው እዚያ ነው።

ህዳር 7
እሺ ልጻፈው። ያኔ ኩበት ልለቅም ወደ ሜዳው ሄጄ ነበር። አባዬና ሁለት ሰዎች ይቆፍራሉ። በጋቢ የተሸፈነ ነገር መሬት ላይ ተጋድሟል። አባዬ አየኝና መጣ። ምን አየሽ አለኝ። የያዝኩትን ኩበት አቀፍኩ። ውሻ ሞቶብን ነው አለ፣ ምን አየሽ? ውሻ አልኩ። ጎበዝ አለኝና ከረሜላ ሰጠኝ። የኛ ውሻ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ከረሜላውን በላሁት። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፣ መብላቴ።

ሲሄዱ ሳሩ ውስጥ አንድ እግር በርባሶ ጫማ አገኘሁ። ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ። አወቅኩት። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ገመዳ በትከሻው ተሸክሞ ሲያሻግረኝ አይቼው ነበር። ደበቅኩት። እስካሁን የጥጆቹ ቤት ጣሪያ ውስጥ አለ።

ዛሬ እማዬ ቅሉን ስትንጥ ነገርኳት። ሳልጨርስ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ መናጧን ቀጠለች። የዚያን ቀን ደም የነካውን ጋቢ ያጠብኩት እኔ ነኝ አለች። ታዲያ ታዴ እንዴት ይማል አልኳት።

"እሱ አያውቅም። የማያውቅ ቢምል መሐላው አይዘውም። አንቺ አፍሽን ያዢ እንጂ።"

"ሜዳውስ?"

"ሜዳውን እኔ አስተወዋለሁ።"

አላስተወችውም። ምሳ ላይ ከታዴ ጋር ተጣሉ። ሳር ለማን ይሰጣል ትላለች። ዋናውን መናገር አትችል! እሱ ደግሞ የአባዬን ጅራፍ አንቺ ወረስሽው እንዴ አላት። ሳይበላ ወጣ።

ህዳር 9
እማማ ጫልቱ መጡ። ከቡራዩ ድረስ በእግራቸው፣ ደበላ እየደገፋቸው። ሜዳውን ሊያዩ። እማዬ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። ወተት ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ደረቁን ጥግ አይተው፣ ኧረ እዚህ ጥሩ ነው ብለው ቁጭ አሉ። እዚያ ላይ! ተነሱ ልላቸው ፈለግሁ፣ ምን ብዬ? ሳሩን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋሉ። ደበላ በእርምጃ ይለካል። በሩን ወደ ፀሐይ አደርግልሻለሁ ይላቸዋል፣ እሳቸውም አንተ ሚስት ሳታገባ በር ትመርጣለህ ብለው ሳቁበት።

ወተቱን ሲቀበሉኝ ፊቴን ያዙት። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገመዳ ወንዝ ያሻገረሽ አንቺ ነሽ አይደል? ነግሮኛል። አንገቴን እንዲህ አንቃ ልትገለኝ ነበር ብሎ ስቆ ነግሮኛል።

አዎ አልኳቸው። ሮጥኩ።

ህዳር 10
አልበላሁም። ታዴ ለነገ ወዲያ ልብሱን እያሳጠበ ያፏጫል። ደስ ብሎታል! በዚህ አገር ሰው ከሰው ሊታረቅ ነው ይለኛል፣ አንቺ ምን ሆነሻል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን እያየሁ አልችልም። ብነግረው እሱ ምን ይሆናል? ባልነግረውስ? ይምላል፣ ይቆፍራሉ፣ ይገኛል፣ ደበላ መሳሪያ አለው። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ታዴ ነው። ብቻ ከመሐላው በፊት ከተነገረ የሚታረደው በሬ ነው።

ኦቦ ቱሉ ከቤታችሁ አፍ ይውጣ አሉ። የወንድ አፍ አላሉም።

ህዳር 11፣ ማለዳ
በርባሶውን ከጣሪያው አወረድኩት። ድርቅ ብሏል፣ ሽቦው ዝጓል። እንስራው ውስጥ ከትቼ ውሃ ልቀዳ ነው ብዬ እወጣለሁ። እንስራውን ወንዙ ዳር አስቀምጬ በጋራው አቋርጣለሁ። ከሰዓት ቡራዩ ነኝ። እማማ ጫልቱ ደጅ በርባሶውን አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ። ውሻ አይደለም እላቸዋለሁ። ቢገድሉኝም ይግደሉኝ። ኧረ እፈራለሁ!

እማዬ እየተጣራች ነው።

ደብተሬ፣ አንቺን ታዴ ትራስ ላይ እተውሻለሁ። እኔ መናገር ባልችልም እሱ ማንበብ ይችላል።

ታዴ፣ ከህዳር 4 ጀምረህ አንብብ። እማዬን አትምታት። ኦቦ ቱሉን ጥራቸው፣ ዛሬውኑ፣ ለዕርቁ የሚታረድ በሬም አስፈታ። ነገ ሚካኤል ደጅ ስትቆም፣ ወንድሜ፣ በሞቴ እንዳትም—