"ወደው ነው የመጡት"

የካቲት 13 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሚዛን ተፈሪ

ከፍርድ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው። የምንሠራበት የቡና እርሻ በየዓመቱ በበጋ ለሁለት ሳምንት ውላችንን አቋርጦ መልሶ ይቀጥረናል። ቋሚ ሠራተኛ ተብለን ጡረታ እንዳናገኝ ነው ተንኮሉ። እኛ ሞኞቹ ግን በእነዚያ ሳምንታትም የቡናውን ችግኝ ስናጠጣ ኖረናል። ውሃ ካላገኘ ይደርቃላ! ለዳኛዋ ይህንኑ ተናገርኩ፤ ሥራችን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም አልኳት።

ሥራ አስኪያጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ማንም አላዘዛቸውም፤ ወደው ነው የመጡት።" ዓይኑን በጨው አጥቦ! የችግኝ ጣቢያውን ቁልፍ በእጁ የሰጠኝ እሱ፣ "እትዬ አበበች፣ ችግኙን አደራ" ያለኝም እሱ! ቁልፉን አውጥቼ ባሳይ ጠበቃው ሳቀ።

ዘንድሮም ከሰኞ ጀምሮ ውላችን ተቋርጧል። አብራኝ የከሰሰችው አልማዝ ስንወጣ፣ "ይድረቅበት! ማንም ዝር እንዳይል" አለች። እኔም ማልኩ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ሰማይ ሰማዩን ሳይ ዋልኩ። እኔን ብሎ መሐላ አክባሪ! ቁልፉንም እስካሁን ከኪሴ አውጥቼ አላስቀመጥኩትም።