አራቱ የኩሽኔታ ድምፆች

ይድረስ ለምወድህና ለምቀናብህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብ ሕመምህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ወንበር ላይ እየዋልክ ታባብሰዋለህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እዚህ እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት፤ ወፍጮውም ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። እንዳልደውል አፌ ይተሳሰርብኛል፣ አንተም ከድምፄ ታውቅብኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩ።

መጀመሪያ ቅናቴን ልንገርህ። ፕሮፌሰር የሆንክ ዕለት ካባ ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ እማዬ ከሚዛኑ በላይ ሰቅላዋለች። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና ወደ እኔ ዞሮ "የፕሮፌሰሩ እህት ነሽ?" ይላል። የሃያ ዓመት ደንበኞቼ እንኳ ስሜን ትተውታል። አባዬ አንተን ትምህርት ቤት የላከህ ዱቄት ስለሚያስነጥስህ ነበር፤ እኔን ስላላስነጠሰኝ ከወፍጮው ጋር ቀረሁ። ይኸው በአፍንጫህ ምሁር ሆንክ።

እሱን እንኳ በሳቅ አሳልፌው ነበር። አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት "ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት ጤንነቱን በድምፁ የሚለይ መሣሪያ እየሠራሁ ነው፣ እርጂኝ" አልከኝ። እኔም በየሰኞው ሞተሩ ሲነሳ፣ ዘንጉ የሚዞርበትን የብረት ቀለበት፣ ኩሽኔታውን፣ ጆሮዬን አስጠግቼ እያዳመጥኩ፣ ድምፁን በስልኬ እየቀዳሁ፣ ከሥሩ "ጤነኛ"፣ "የደከመ"፣ "ሊሰበር ነው" እያልኩ ላክሁልህ። መሣሪያህ ከእኔ ተማረ። ከዚያ በሬዲዮ ስለ ምርምርህ ሲጠይቁህ፣ "የሰው ጆሮ የማይሰማውን ይሰማል" ስትል ሰማሁህ። እማዬ በደስታ አለቀሰች። እኔ የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ብዬ ጆንያዬን መስፋት ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ የላክሁልህ የጥቅምት አራቱ ቅጂዎች ውሸት ናቸው። በዚያው ወር በለወጥኩት አዲስ ኩሽኔታ ድምፅ ሥር "ሊሰበር ነው" ብዬ ጻፍኩ፤ ሊሰበር የደረሰውን "ጤነኛ" አልኩት። ጆሮ የማይሰማውን የሚሰማ ከሆነ እስቲ ይስማ ብዬ ነው። አልዋሽህም፣ በእነዚያ ሰኞዎች ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሚስትህ ደወለችልኝ። ሁለት ወር ሙሉ ውጤቱ አልገጥም ብሎህ ስሌቱን ከሥሩ እየደጋገምክ መሆኑን፣ ምግብ እንደቀነስክ፣ ምርምሩን ልትተውና በዩኒቨርሲቲው ሰው ፊት የምታደርገውን ንግግር ልትሰርዝ እንደሆነ ነገረችኝ። "ምናልባት እህትህ የላከችው ላይ ስህተት ይኖር ይሆን?" ብትልህ ተቆጣሃት አሉ። "የእኔ ስሌት ይሳሳታል እንጂ የእትዬ ጆሮ አይሳሳትም" አልክ። ድምፅሽ ይቆራረጣል ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

አሁን ስማኝ። ስሌትህ ልክ ነው። የአራቱን ቅጂዎች እውነተኛ ምልክት ከዚህ ወረቀት ጀርባ ከተቀዱበት ቀን ጋር ጽፌልሃለሁ። እሱን አስተካክልና ንግግርህን አድርግ፣ እንዳትሰርዝ። ይህን የምልህ ቅናቱ ስለለቀቀኝ አይደለም፤ እየጻፍኩም አብሮኝ ተቀምጧል። ግን ይህን ጆሮ ከሰው ሁሉ ያመነው አንተ ብቻ ሆነህ ተገኘህ፣ እኔ ደግሞ ባመንከው ነገር አቃጠልኩህ። ልክ ነበርክ፣ ጆሮዬ አልተሳሳተም። የዋሸው እጄ ነው።

ሚስትህን ስልክ ስለዘጋሁባት ይቅርታ ጠይቅልኝ። ትልቋን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ትንሹን፣ መሮጥ ጀመረ ያላችሁኝን፣ ከያዝከው ሳምልኝ። ጎረቤታችን አናጢው ሰላም ብሎሃል። እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች። ይህን ደብዳቤ ግን አላነበብኩላትም። ብትነግራትም ባትነግራትም ለአንተ ትቼዋለሁ።

እህትህ
ከወፍጮ ቤቱ፣ ሰኞ ጠዋት
ጥር 6 ቀን