ያለ ማኔጅመንት ውሳኔ ስለተለወጠው ቫይረስ

ለተከበሩ የጤና ቢሮ ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ትኩሳትም ሆነ ቁርጥማት በአጠገብዎ ዝር እንዳይል የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ደም የምመረምር፣ ወንበሬም መደገፊያ የሌለው ተራ ባለሙያ ነኝ። የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት ከተማውን ባጥለቀለቀበት ወር፣ በሁለት ሰው ተደግፈው የመጡ ሕመምተኞች በእኛ ምርመራ «ነጻ» እየተባሉ ይመለሱ ነበር። አንዷ ልብስ ሰፊዋ እህቴ ናት። ሦስት ጊዜ ደሟን ወስጄ ሦስቴም ነጻ ነሽ ብላት፣ «ታዲያ ይሄ የሚያንቀጠቅጠኝ ቅናት ነው?» አለችኝ።

ሁለተኛ፦ ቫይረሱ ከሰው ሰው ሲዛመት ዘረመሉ ተለውጦ፣ መመርመሪያችን የሚለይበት ቦታ ጠፍቶበት ይሆናል ብዬ ስለጠረጠርሁ፣ ዘረመሉ እንዲነበብ አሥራ አራት ናሙናዎች በበረዶ አሽጌ ላክሁልዎ። እርስዎም «በማኔጅመንት ሳይወሰን ቫይረሱ ተለውጧል ማለት አይቻልም» የሚል፣ ማኅተሙ እጅግ ያማረ ምላሽ ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቫይረሱ ግልባጭ ስላልደረሰው ሥራውን ቀጠለ። «ድንጋጤ በመንዛት» የሚለውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም በክብር ተቀብያለሁ።

ሦስተኛ፦ ናሙናዎቹ አምስት ሳምንት ፍሪጅዎ ውስጥ ከከረሙ በኋላ ሾፌርዎ ታመሙ፤ እሳቸውም በምርመራችን «ነጻ» ሆኑ። ያን ጊዜ ናሙናዎቹ ከፍሪጅዎ ወጥተው ለንባብ ተላኩ፤ መኪናዎ ያለ ሾፌር በቆመች በአራተኛው ቀንም የዘረመሉ ንባብ ደረሰን። ለውጡ በጠረጠርሁት ቦታ ነበር። ለውጡን ተከትሎ በተዘጋጀ አዲስ መመርመሪያ ደግመን ስናይ ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ቫይረሱ ነበረባቸው፤ እህቴም ከነሱ አንዷ ናት። ዛሬ ጣቶቿ አብጠው መርፌ መያዝ አቅቷታል፤ ሱቋም እንደተዘጋ ነው። ይህንን ለውጥ «ቢሯችን ባደረገው ንቁ ክትትል» እንደደረሱበት በሬዲዮ ሲናገሩ አብረን ሰማንዎት። እህቴ ሬዲዮውን ልታጠፋው ስትል ጣቷ እምቢ ስላላት እኔ አጠፋሁላት።

ለትዕግሥትዎ፣ ለማኅተምዎ፣ በተለይም ለሾፌርዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሾፌርዎን እግዚአብሔር ይማርልን።

ምንጊዜም ታዛዥዎ፣
ያስጠነቀቁኝ የላቦራቶሪ ባለሙያ

ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያውን ልፈርም ስመጣ፣ ከቢሮዎ ደረጃ ሥር ክዳን የሌለው የውኃ በርሜል ውስጥ የትንኝ ዕጭ ሲርመሰመስ አይቼ ደፍቼዋለሁ። ማን ደፋው ተብሎ ጥበቃው እንዳይጠየቅ፤ እኔ ነኝ።