የሦስተኛው ሳጥን ጫጩቶች

ሰኞ
ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ አንድም የሚያነክስ የለም። ይኼ ነገር አልገባኝም። የአንደኛው ሳጥን መኖ ከፋብሪካ የመጣ የማዕድን ዱቄት አለበት። የሁለተኛው የሐይቃችን ዓሣ አጥንት፣ ደርቆ የተወቀጠ። ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ነው፤ ምንም አይጨመርለትም። እግራቸው መልፈስፈስ የነበረበት እነሱ ናቸው። ውሃ መቅዳት፣ አጥንት መውቀጥ፣ ሳጥን መጥረግ፤ ወገቤ ተቆረጠ።

ማክሰኞ
እንደገና መዘንኳቸው። ሦስተኛው ከሁለተኛው እኩል ነው፤ የፋብሪካውን ዱቄት የሚበሉት ትንሽ ወደኋላ ቀርተዋል። የደሴው አለቃዬ ጓድ መኮንን ስልክ ደወለ። ነገርኩት። "ያለ ምንም ካደጉማ ተገላገልን! ከእኛ መኖ ለሚጠብቀው ለውጫሌ ዶሮ አርቢ ሴቶች ማኅበርም ባዶ መኖ እንልካለና" አለ። ደስ አለው። እኔን ጭንቅ ያዘኝ። ተሳስቼ ከሆነ የሚያነክሱት የሴቶቹ ጫጩቶች ናቸው።

ረቡዕ
ጠዋት ጠዋት መኖ የምትሰጠው እትዬ ዘይነባ ናት። ስለ ሦስተኛው ሳጥን ጠየቅኳት። አልካደችም።
"አጥንቱን ለእነዚያም በተን አደርግላቸዋለሁ። አንዱን እያጎረሱ ሌላውን መንሳት ዙልም ነው፣ ግፍ ነው ልጄ። አላህስ ምን ይለኛል?"
ጮህኩባት። ሻሿን አስተካክላ መጥረጓን ቀጠለች። የስንት ጊዜ ልፋት ውሃ በላው። ደግሞ እፎይም አልኩ፤ ያንን ውጤት አምነው ባዶውን መኖ ልከው ቢሆን ኖሮስ?

ሐሙስ
ጓድ መኮንን መጣ። እውነቱን ነገርኩት፤ ፊቱ ጠቆረ። እትዬ ዘይነባን ላሰናብት አለ። የማነጻጸሪያውን ነገር በቅጡ ያላስረዳኋት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። የውጫሌው ይቆይ፣ በአዲስ ጫጩቶች ከመጀመሪያው ጀምሪ ብሎኝ ሄደ። ከመጀመሪያው! ቁጭ ብዬ ማልቀስ አማረኝ፣ ለእሱም አቅም አጣሁ።

ቅዳሜ
አዲሶቹ ገቡ። ለእትዬ ዘይነባ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፦ እነዚህ ባዶ መኖ የሚበሉት ካልተጎዱ የሌላው ጥቅም አይታወቅም፣ ያኔ የሚጎዳው የውጫሌ ሴቶች ጫጩት ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።
"ገብቶኛል" አለች። "ሁለቱን እይዛለሁ። ሦስተኛውን ግን አንቺው ያዢው። እኔ አልችልም።"
እሺ አልኳት። ባዶውን መኖ ራሴ ሰጠሁ። አንዷ ጫጩት እጅጌዬ ላይ የቀረውን የአጥንት ብናኝ መልቀም ጀመረች። እጄን ሳብኩ። ተከተለችኝ። ደጅ ወጥቼ እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ውሃውን ያፈሰሰችልኝ እትዬ ዘይነባ ናት፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።