ሠላሳ ቀን ወይም ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2
አባዬ መኪና ገዝቶ መጣ። አዲስ አይደለም። ሰባት ዓመት ያገለገለ፣ የብር ቀለም ያለው፣ ግራ በሩን ድመት የቧጠጠው የሚመስል። የአባዬ አባት፣ አያቴ፣ አራቱንም ጎማ በእግራቸው እየመቱ ዞሩት፤ በሬ ሊገዙ ገበያ የወጡ ነው የሚመስሉት። አሁን ጥርሱን ያዩለታል ስል እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ወረቀቱ ላይ ሞተርና ካምቢዮ ዋስትና አላቸው ይላል። ሠላሳ ቀን ወይም ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። አባዬ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው። ለማን እንደሆነ እንጃ…

የተገዛው ለአያቴ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሱንቾን ከተማ ሆስፒታል ወርደው ኩላሊት እጥበት ይገባሉ። ከእኛ መንደር ሁለት አውቶቡስ ነው። እዚያ ያለችው ነርስ ለአባዬ፣ በዚህ አመላለስ ልባቸው ብዙ አይችልም ብላዋለች። እሳቸው ደግሞ፣ ለእኔ ብላችሁ ከሆነ መልሱት አሉ። ይህን ያሉት የፊት ወንበር ላይ ገብተው ቀበቶ ካሰሩ በኋላ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 3
ዛሬ ለመኪና ሰገድን። መኪና ሲገዛ አደጋ እንዳያገኘው የሚደረግ የድሮ ወግ ነው። ፊቱ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ የአሳማ ጭንቅላት ቀርቦ፣ ጎማዎቹ ላይ የሩዝ ጠላ ፈስሶ… አያቴ ሦስት ጊዜ መሬት ድረስ አጎነበሱ። አባዬም ተከተለ። ጎረቤት ሁሉ በአጥር ያያል።

"ለእኔ ልደት እንኳ እንዲህ አልተደረገም" አልኩ።

"አንቺ ደህና ዕቃ ነሽ" አሉ አያቴ፤ "አፍሽ ላይ ያለው ብሎን ብቻ ነው የላላው።"

እውነት ለመናገር ጥሩ መልስ ነው።

በነጭ ክር የተጠመጠመ ደረቅ ዓሣም አለ። ዓይኑን ስለማይጨፍን መንገዱን ይጠብቃል አሉ። ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ተሾመ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7
ሽታው! የኋላ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኛ። ትምህርት ቤት እስክደርስ አፍንጫዬን ይዤ ሄድኩ። "ጠባቂያችን ከሞተ ቆይቷል፣ ይቀበር" አልኩ። አባዬ ሳቀ። አያቴ ወደ መስኮት ዞሩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11
መንገድ ላይ ቆመ። አባዬ እንደነገረኝ መብራት ይዟቸው ሳለ ተንቀጠቀጠ፣ ካምቢዮው አልገባም አለ፣ ከዚያ ጸጥ። የተነሣው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ የአያቴ አልጋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እስከ ከሰዓት ኮሪደር ላይ ጠበቁ። በእረፍት ሰዓት ደወልኩላቸው። ደህና ነዎት ስል፣ "ወንበሩ ምቹ ነው" አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13
ከሆስፒታል መልስ መኪናውን ሻጩ ወደሚልክበት ጋራዥ ወሰዱት። እዚያ ሲደርስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እንደ ሰዓት ሄደ። መኪና የሚቀበለው አቶ ፒዮ ይባላል። ችግር አላየንም፣ ሲያመው አምጡት ብሎ ሸኛቸው። ሲያመው በምን ይመጣል? በአውቶቡስ?

አያቴም ሐኪም ፊት እንዲሁ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ከርመው፣ "ምንም አልል" ይላሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 18
እንደገና ቆመ። ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። ከፍተን አይተን እንደውላለን አሉ። ከሠላሳው ቀን ከግማሽ በላይ ሄደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20
አልደወሉም።

ዓርብ፣ ኅዳር 22
ፈተና ስለነበር በግማሽ ቀን ተለቀቅን። አያቴን ከሆስፒታል ላመጣ ሄድኩ። ሁለተኛው አውቶቡስ ጢም ብሏል። አንድ ልጅ ተነሥቶ ቦታ ሰጣቸው፤ እምቢ አሉ። እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ… ድልድዩን እንዳለፍን ጉልበታቸው ከዳቸው። ደግፌ ያዝኳቸው። ምንም አይከብዱም። የደብተር ቦርሳዬ ይብሳል።

ስንወርድ፣ "ለአባትሽ እንዳትነግሪ" አሉኝ። አልነገርኩም። እዚህ መጻፍ አይቆጠርም።

ሰኞ፣ ኅዳር 25
ደወሉ። አባዬ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን መሃል አስቀመጠው። አቶ ፒዮ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ኮፈኑ ሥር ዓሣ አግኝተናል አለ። ክሩ ተፈትቶ ሞተሩ የሚያዞረው ቺንጋ ላይ ተጠምጥሟል። ሞተር አጠገብ ባዕድ ነገር ስለተገኘ ዋስትናው ቀርቷል።

አባዬ ስልኩን ዘጋ። አያቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረጉ። የአየር ሁኔታ ነበር።

"አባቴ፣ ዓሣውን ከኋላ ማን አነሣው?" አላቸው አባዬ።

"ልጅቷ ሸተተኝ አለች" አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። "ሳይነጋ ወጥቼ ከፊት ኮፈኑ ሥር አሰርኩት። አጥብቄ ነበር።"

ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 27
ትምህርት ቤት ደውዬ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ከእጥበት በኋላ ሦስታችን ጋራዥ ሄድን። አያቴ ለሠርግም ለቀብርም የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ዛሬ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አቶ ፒዮ ዓሣውን በላስቲክ ከረጢት ከትቶ ቁጥር ለጥፎበታል፣ ሰው የተገደለበት ቢላ ይመስል። አባዬ እንደ ልማዱ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። ጥፋቱ የአፍንጫዬ ነው ልል ስል አያቴ በእጃቸው አገዱኝ።

"ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጄ አያውቅም። ጻፈው።"

አቶ ፒዮ ጻፈ።

"ክሩ የት ነው የተገኘው?"

"ቺንጋው ላይ፣ አባት።"

"ካምቢዮው ውስጥስ?"

"እዚያ እንኳ አይገባም። ድፍን ነው።"

"እሱንም ጻፈው።"

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። አያቴ ቀጠሉ። "ቺንጋው የእኛ ጥፋት ነው፣ እኛ እናስጠግናለን። መኪናውን የሚያቆመው ግን ካምቢዮው ነው። እሱ የእናንተ ነው።"

እኔ እኮ ሰውየው የሚያውቁት መስገድ ብቻ ይመስለኝ ነበር…

አቶ ፒዮ ዋናውን ቢሮ ሳልጠይቅ አልችልም አለ። "ጠይቅ" ብለው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጠበቅን። እንሂድ ብንላቸው አልሰማ አሉ። ከንፈራቸው ነጥቷል፤ ጀርባቸው ወንበሩን አልነካም። አቶ ፒዮ ራሱ የገብስ ሻይ አመጣላቸው። ለአራተኛ ጊዜ ሲደውል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሽማግሌው አሁንም እዚሁ ተቀምጠዋል" ሲል ሰማሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 29
ፈቀዱ። ሠላሳው ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው። ካምቢዮው በዋስትና ይቀየራል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 4
መኪናው ትናንት ወጣ። ዛሬ ከሆስፒታል ሲመለሱ እኔንም ከትምህርት ቤት ወሰዱኝ። መብራት ላይ ቆመን ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ተነሣ። ቀጣዩም ላይ ተነሣ።

ግቢያችን ስንደርስ አያቴ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አባዬ ሊቀሰቅሳቸው እጁን ዘረጋና ተወው። ማሞቂያው እንዳይጠፋ ሞተሩን አላጠፋም። እማዬ ምን ሆናችሁ ልትል ከቤት ወጣች፤ በመስኮት አየቻቸው። ቀስ ብላ በሩን ከፍታ አጠገቤ ገባች። እጇ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።

አራት ሰው፣ በቆመ መኪና ውስጥ፣ የትም ሳንሄድ። አያቴ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ፤ ባርኔጣቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዷል።

የምለው ጠፍቶኝ አይደለም ዝም ያልኩት።