ሁለቴ ያበራሁት ፍሬቻ

ለውድ ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሽዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? በየደብዳቤያችን መግቢያ የምንጽፋት ጥያቄ ናት፤ መልሷን ሳንጠብቅ ወደ ጉዳያችን እናልፋለን። ዛሬ ግን የምሬን ነው የምጠይቅህ። እንቅልፍ ይወስድሃል? ደረጃውን ስትወጣ አሁንም መሃል ላይ ትቆማለህ? ሐኪሙ ጨው ቀንስ ቢልህም ያንን ጨው የጠጣ ነጭ ራዲሽ እንዳልተውክ አውቃለሁ። እዚህ ኦሳካ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል። ባለቤቴ ቺዙሩ ደህና ናት። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ሦስት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

ፖስት ካርድህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። "በሃያ ደረቴን ሊከፍቱት ነው። ላውንደሪው ለጥቂት ጊዜ ይዘጋል። ሩቅ ነው፣ ሥራም አለህ፣ እንዳትመጣ። ቺዙሩን ሰላም በልልኝ።" በቃ ይኸው ነው። የኮት ቁልፍ ስለመቀየር ብትጽፍልኝ ኖሮ ከዚህ ታስረዝመው ነበር። ቤት ውስጥ ባስቀመጥኩት ቁጥር ዓይኔ እዚያው ላይ ስለሚያርፍ፣ መኪናው ውስጥ ከሾፌሩ በላይ ያለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ሰካሁት።

ቺዙሩ "ነገውኑ ሂድ" አለችኝ። እሄዳለሁ አልኳት፤ ግን ሄጄ ምን ልልህ? እኔና አንተ ስለ አየሩና ስለ መኪና ካልሆነ በቀር ምን አውርተን እናውቃለን? አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ታየኝና ፈራሁ። ስለዚህ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ፤ አትሳቅብኝ። ወይም ሳቅ፣ ደረትህ ሳይከፈት ሳቅ። አንተ ለልብ ቀዶ ጥገና ስትዘጋጅ እኔ መኪናዬን ይዤ ተራራው ላይ ባለው የውድድር ትራክ ልነዳ ተመዘገብኩ።

የትኛውን ትራክ እንደምልህ ታውቃለህ። አንተ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር። የአባባን ላውንደሪ የልብስ ማድረሻ መኪና እየነዳህ ትወስደኝና የሽቦው አጥር ላይ ተንጠልጥለን እንውል ነበር። "አንድ ቀን በበሩ ነው የምገባው" ትል ነበር። ከዚያ የአባባን እጅ የእንፋሎት ካውያው አቃጠለው። በዚያው ሳምንት ካውያውን አንተ ያዝከው፤ ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ አልለቀቅከውም። ኦሳካ ሄጄ የተማርኩት እኔ ነኝ። እና አንዴ ልንዳበትና ኩርባ በኩርባ ልንገርህ ብዬ ነው። ባዶ አፌን ላለመምጣት።

መኪናዬን ታውቃታለህ። ጥቁሯ፣ ረጅሟ፣ ድሮ የአንድ ድርጅት ፕሬዚዳንት ከኋላ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብባት የነበረችው። የሰፈሬ መካኒክ ኦኖዴራ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ቀየረላት፤ አጠር ያለ ሞላና መንገድ ቆንጥጦ የሚይዝ ጎማ አስገባላት። ሌላውን እንዳትነካብኝ አልኩት። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አያትና "ሶፋዋን ስኒከር አጫማናት" አለኝ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት፣ ኦኖዴራ በራሱ መኪና ተከትሎኝ ትራኩ ጋ ስንደርስ፣ መኪና ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ይውረድ ተባለ። ምንጣፉን፣ ጃንጥላውን፣ የሶፍት ሳጥኑን አወረድኩ። የወንበሮቹን ነጭ የዳንቴል ልብስ ግን ረሳሁት። ቶሞዳ የሚባል ጎልማሳ፣ የሰማያዊዋ ትንሽ መኪና ባለቤት፣ በመስኮት አጎንብሶ አየና "ጌታው፣ ሙሽራዋን የት ነው የምናደርሳት?" ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ጋሽዬ፣ ያቺ አንተ በእጅህ እየጠመዘዝክ የምታሳየኝ ቁልቁለት ላይ ያለችው ኩርባ ከአጥሩ እንደምትታየው አይደለችም። መሬቱ ከሥርህ ይሸሻል። ያ ሁሉ የመኪናዋ ክብደት ወደ አንድ ትከሻዋ ያዘነብላል፣ ጎማው ያቃስታል፣ መሪው እጅህ ላይ ይከብዳል፤ ከዚያ ቀና ትልና ሽቅብ ትወስድሃለች። ፖስት ካርድህ ከመጣ ወዲህ ሐሳብ የለቀቀኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ገብቼ ወጣሁ፤ በሁለቱም መሃል መቀመጥ አቅቶኝ መኪናዋን ስዞራት ኦኖዴራ "ኧረ ተቀመጥ፣ አዞርከኝ" አለኝ።

ጉዱ የመጣው ሦስተኛው ላይ ነው። ከፊቴ የነበረች ነጭ መኪና ፍሬቻ አሳይታ ጠርዝ ያዘችና አሳለፈችኝ። እኔ፣ በሶፋዬ፣ ሰው አለፍኩ! ደስ አለኝ። አንተ ያኔ በማድረሻዋ መኪና መንዳት ስታስተምረኝ "መንገድ ለለቀቀልህ አራቱንም ፍሬቻ ሁለቴ አብራ፤ የማያመሰግን ሾፌር ሾፌር አይባልም" ትለኝ አልነበር? ስንት ዓመት ሙሉ ለጭነት መኪናውም ለአውቶቡሱም ያበራው እጄ ራሱ ሄዶ ቁልፉን ተጫነ። ሁለቴ ብልጭ። አንገቴንም ዝቅ አድርጌ እጅ ነሳሁ።

ከኋላዬ የነበረው ቶሞዳ አራቱ መብራት ሲበራ ሞተሬ የጠፋ መሰለው። ኩርባው መሃል ፍሬን ያዘ፣ ተሽከረከረና ሣሩን አርሶ ጠጠሩ ውስጥ ገባ። ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ ሁላችንም ተጠራን። ቶሞዳ ምንም አልሆነም፤ የመኪናው የፊት ፕላስቲክ ግን ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። የደኅንነት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሃማናካ "አራቱን ፍሬቻ ያበራው ማነው?" አሉ። እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። "ምን ሆነብዎት? ሞተር ነው? ዘይት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አይ፣ አመስግኜ ነው" አልኳቸው።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኦኖዴራ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። ሴትዮዋ ብቻ አልሳቁም። "ጌታዬ፣ እዚህ መንገድ ላይ ምስጋና የለም" አሉኝ። "የለቀቀልዎት ሰው እንዲያልፉ ነው የለቀቀልዎት፤ ይለፉ። ማመስገን ከፈለጉ መኪናዎን ያቁሙ፣ ይውረዱ፣ በእግርዎ ሰውየው ጋ ይሂዱና ፊት ለፊት ይንገሩት።" ቶሞዳ ጋ ሄጄ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። "አይዞዎት አባቴ፣ የእኔዋ ሣር ትወዳለች" አለኝ። የሴትዮዋ ቃል ግን እንደ እሾህ ተሰካብኝ። ያን ቀን ደግሜ አልነዳሁም።

ጋሽዬ፣ አንተ ስንት ጊዜ ለቀቅክልኝ? ገላ መታጠቢያው በር ላይ "አንተ ቅደም"። አንድ ሰው ብቻ ማስተማር ይቻላል ሲባል "እሱ ይቅደም"። እና ያ የነሐሴ በዓል፣ ድልድዩ ላይ። የለበስከው ሸሚዝ ኮሌታው በስታርች ቀጥ ብሎ ነበር፤ በእጅህ ሁለት ማራገቢያ ይዘህ ነበር። እኔ ከኋላ ደረስኩብህና ማዶ ቺዙሩ ቆማ አይቼ "ውይ፣ እንዴት ታምራለች!" አልኩ። አንተ ትንሽ አየኸኝ። ሁለቱንም ማራገቢያ እጄ ላይ አደረግክና "አንተ ቅደም፤ እኔ ሱቁን ልዝጋ" ብለህ ተመለስክ። ሱቁ ያን ቀን ለበዓሉ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነበር። ያኔም አውቄአለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳውቅ ኖሬአለሁ። የሰርጌንም ሸሚዝ የተኮስክልኝ አንተ ነህ።

ከትራኩ ወጥቼ ወደ ቤቴ አልታጠፍኩም፤ ወደ አንተ ነዳሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስኩ። ከላውንደሪው ማዶ ቆምኩ። በመስኮቱ ውስጥ ከእንፋሎቱ መሃል አየሁህ። ከስተሃል። የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ተኩሰህ ስትጨርስ ደረትህን ይዘህ ቆምክ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጀመርክ። የመኪናውን በር እጀታ ይዤ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። መውረድ አቃተኝ። አራቱን ፍሬቻ ሁለቴ አብርቼ ሄድኩ። ያየኸው እንደሆነ እኔ ነበርኩ።

ቤት ስገባ ለቺዙሩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከድልድዩ በቀር። አድምጣኝ ስታበቃ "እና ለገዛ ወንድምህም እንደማታውቀው የጭነት መኪና ሾፌር አብርተህ ሸሸህ?" አለችኝ። አፈርኩ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በአሥራ ዘጠኝ እንመጣለን፣ ሁለታችንም። "አትምጡ" ብለህ እንዳትጽፍ፤ ፈቃድ ወስጃለሁ። መኪናዋን ደጅህ ላይ አቆማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ በእግሬ እገባለሁ፣ ፊት ለፊትህ ቆሜ እነግርሃለሁ። "ምን እሱ፣ የድሮ ነገር" ብለህ እንዳታቋርጠኝ። ማራገቢያዎቹ ዛሬም ቁም ሣጥናችን አናት ላይ አሉ። ቺዙሩ የምንመጣበትን ቀን ስነግራት ወንበር ላይ ወጥታ አንደኛውን አወረደችና አቧራውን ጠረገችው። ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሲሻልህ ያንን ትራክ በበሩ ታስገባናለህ። መሪውን አንተ ትይዛለህ፤ እኔ ከኋላ፣ ዳንቴሉ ላይ እቀመጣለሁ።

የአባባና የእማማ መንፈስ አይለይህ። የሐኪሙ እጅ ካውያ እንደያዘ እጅህ የረጋ ይሁን። የሰመመኑ እንቅልፍ ቀላል፣ መንቃቱም ቶሎ ይሁንልህ።

በሃያ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ። ከዚያ በር ወዲያ አያስገቡኝም፤ ብቻህን ግባና ውጣልኝ። ዕድሜህን ሙሉ በሁሉም ነገር "አንተ ቅደም" ብለኸኛል። አሁን ሐሳብህን ቀይረህ እንዳትቀድመኝ፣ አደራህን።

መንገድ የለቀቅክለት፣
ታናሽ ወንድምህ