የእትዬ ዋጋዬ መጋረጃ

ዳንግላ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ውቤ ወንድሜ፣
እንደምን ከረምክ? በደህና ገብቻለሁ፤ ወገቤ ግን ጋሪው ላይ ቀርቷል።

አኩርፈህ በሰው እጅ የላክልኝን ነጠላ ለአክስትህ ለእትዬ ዋጋዬ አደረስኩ። ቤታቸው ስገባ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ በነጭ መጋረጃ የተሸፈነ ሥዕል አየሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አማትቤ፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣሁ። በሰላም ስላደረሰኝ አመስግኜ ለመመለሻውም ለመንኩ። አክስትህ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝና መጋረጃውን ገለጡት። ያንተ ዓሣ ነው። ያ ከድሮ መጽሐፍ አይተህ፣ በእንጨት ላይ ቀርጸህ በወረቀት ያተምከው፣ ድንጋይ ሆኖ የቀረው የዓሣ አጥንት።

«ለምን ሸፈኑት?» አልኳቸው።

«ጭስ እንዳያጠቁረው ነዋ። የልጄ የእጅ ሥራ አይደል?»

«ሌላውም ሰው ይሳለመዋል?»

«የገባ ሁሉ። ከተሳለሙ በኋላ ስነግራቸው ቅር ስለሚላቸው መናገሩን ተውኩት። ለአንተ የገለጥኩልህ ጓደኛው ስለሆንክ ነው።»

አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ስንሰቅለው ፊቱ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዝናቡ እስኪያባራ ነው። ያኔ «ይህን አጥንት ማን ቤቱ ይሰቅለዋል?» ብዬ አስቀየምኩህ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። አክስትህ ሳምልኝ ብለዋል፤ ለሌላውም ግድግዳ መጋረጃ ሰፍተው ሥዕል እየጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ ለሥራህ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ አላውቅም።

አሥራት